ጡንቻን በምን እንመግብ? በባሕር ዳር ገበያ የሚገኙ የፕሮቲን ምንጮች ንጽጽር

ጂም የጀመረ ሰው የመጀመሪያው ወር ሳያልቅ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ «ፕሮቲን ልግዛ ወይስ ምግቡ ይበቃኛል?» ይላል። መልስ የሚሰጠው አይጠፋም። አንዱ ጓደኛው በጣሳ የሚሸጠውን የፕሮቲን ዱቄት ካልገዛህ ልፋትህ ከንቱ ነው ይለዋል፤ ሌላው በማለዳ ስድስት ጥሬ እንቁላል ምታና ጠጣ ይለዋል፤ እናቱ ደግሞ ያሳደገህ ሽሮ ዛሬ ምን ጎደለው ብላ ትቆጣለች። ሦስቱም ከልባቸው ይናገራሉ፤ ነገር ግን ሦስቱም መለኪያ ሳያስቀምጡ ነው የሚመክሩት። ይህ መመሪያ በባሕር ዳር ለሚኖር፣ በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ስፖርት ለሚሠራና ከዚሁ ከከተማው ገበያ ለሚሸምት ሰው የተዘጋጀ ነው። በቅድሚያ መመዘኛዎቹን አስቀምጣለሁ፤ ከዚያም ዓሣውን፣ እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ሥጋውን፣ ጥራጥሬውንና የጣሳውን ዱቄት በየተራ እመረምራለሁ። የምርት ስም አልጠቅስም፤ ምክንያቱም መመዘኛውን ያወቀ ሰው የትኛውንም ጣሳ አዙሮ ራሱ ሊያነበው ይችላል።

ከግዢ በፊት፦ ጡንቻ የሚፈልገው ምንድን ነው?

በጡንቻ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በየቀኑ ይፈርሳል፣ በየቀኑም ይገነባል። ክብደት ስናነሣ ሁለቱም ሥራዎች ይፈጥናሉ፤ ሳንበላ ከቆየን ግን የሚፈርሰው ከሚገነባው እንደበለጠ ይቀራል። ሚዛኑን ወደ ግንባታ የሚያዞረው ምግብ ነው። ፕሮቲን ሲፈጭ የሚገኙት አሚኖ አሲዶች የግንባታው ጥሬ ዕቃ ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ሉሲን የሚባለው ሥራው እንዲጀመር ለጡንቻው ምልክት የሚሰጥም ነው። ከአንድ ጠንካራ ሥራ በኋላ ጡንቻው ለዚህ ምልክት ንቁ ሆኖ የሚቆየው ቢያንስ ለ24 ሰዓት ነው፤ በጀማሪ ሰው ደግሞ እስከ 48 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ «ከጂም ወጥተህ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልጠጣህ አመለጠህ» የሚለው ማስፈራሪያ ብዙ ሰው ያስጨነቀና ብዙ ጣሳ ያሸጠ ቢሆንም መሠረቱ ደካማ ነው። ከሰዓቱ ይልቅ የሚወስነው የቀኑ ጠቅላላ መጠን ነው።

መጠኑን በሚመለከት፣ ስፖርት ለማይሠራ ጤናማ አዋቂ የሚመከረው በቀን በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.8 ግራም ፕሮቲን ነው። ክብደት ለሚያነሣ ሰው ግን ይህ አይበቃም። በ2018 እ.ኤ.አ. የ49 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመረመረ ትንተና እንዳሳየው፣ የጡንቻ ዕድገቱ ጥቅም እስከ 1.6 ግራም ገደማ ድረስ እየጨመረ ይሄድና ከዚያ በኋላ ለአብዛኛው ሰው እዚያው ይቆማል። 65 ኪሎ የሚመዝን ወጣት በቀን 104 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ሳይታሰብ ይገባል፤ ለምሳሌ ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት በተጋገረ እንጀራ ውስጥ 12 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ። ምሳና ራት እንጀራ የሚበላ ሰው ከእንጀራው ብቻ 25 ወይም 30 ግራም ካገኘ፣ የሚቀረው 75 ግራም ገደማ ነው። ይህን ለሦስት ማዕድ ብናካፍለው በእያንዳንዱ 25 ግራም ይደርሳል። በአንድ ማዕድ ከ20 እስከ 40 ግራም ፕሮቲን ማግኘት ለጡንቻ ግንባታ ተስማሚ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ በዚሁ በ25 ግራም መስፈሪያ የተሠራ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይታወቅ። ሰውነት ለዕለት ሥራው የሚበቃ ጉልበት ካላገኘ የበላነውን ፕሮቲን ራሱን አንድዶ ይጠቀምበታል። ጡንቻ ለከባድ ሥራ የሚቃጠለውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻል፤ ይህን ጎተራ የሚሞላው እንጀራው፣ ድንቹና ሩዙ ነው። «ካርቦሃይድሬት አቁሜ ዓሣ ብቻ እበላለሁ» የሚል ሰው በሁለተኛው ሳምንት የሚያነሣው ብረት የሚከብደው፣ እግሩም የሚዝለው በዚህ ምክንያት ነው።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን የመዘንኩት በአምስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ለ25 ግራም ፕሮቲን የሚወጣው ገንዘብ ነው። የገበያ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ብር አልጽፍም፤ በሠንጠረዡ ያለውን መጠን በዕለቱ ዋጋ የሚያባዛ ሰው ግን መልሱን በአንድ ደቂቃ ያገኘዋል። ሁለተኛው የፕሮቲኑ ጥራት ነው፤ ይህም አሚኖ አሲዶቹ ምን ያህል የተሟሉ እንደሆኑና በአንጀት ምን ያህል እንደሚዋሃዱ የሚያሳይ ነው። ሦስተኛው ንጽሕናና ደኅንነት፣ አራተኛው በጾም ቀን መበላት አለመበላቱ፣ አምስተኛው ደግሞ ለዝግጅት የሚጠይቀው ጊዜና ማስቀመጫ ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ተከራይ ተማሪ አምስተኛውን ከመጀመሪያው እኩል ሊያየው ይገባል።

የጣና ዓሣ

በዚህ ከተማ የሚኖር ስፖርተኛ ከሌላው የሚለይበት ትልቁ ዕድል ሐይቁ ነው። በገበያው በብዛት የሚገኙት ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። የቀረሶ ሥጋ በ100 ግራም 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲኖረው ስቡ ከ2 ግራም ብዙም አይበልጥም፤ ሉሲኑም ሌሎቹ አሚኖ አሲዶችም የተሟሉ ናቸው። አምባዛ ትንሽ ስባም ስለሆነ ፕሮቲኑ ወደ 16 ግራም ይወርዳል፤ ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉትም ብዙ ናቸው። ነጭ ዓሣ ጣዕሙ የሚወደድ ቢሆንም በሥጋው መካከል ቀጫጭን እሾህ ይበዛበታል።

ሸማች የሚሳሳተው በሂሳቡ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ሙሉ ቀረሶ ቆዳው ተገፍፎ፣ ጭንቅላቱና አጥንቱ ሲወጣ የሚተርፈው ሥጋ ሲሶው ገደማ ብቻ ነው፤ በዚያ ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን 65 ግራም አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ የፊሌቶው፣ ማለትም ተገፍፎ አጥንቱ የወጣለት ሥጋ፣ ኪሎ ዋጋ ከሙሉው ዓሣ ዋጋ ከሦስት እጥፍ በታች ከሆነ ፊሌቶውን መግዛት ያዋጣል፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ከሆነ ሙሉውን ገዝቶ ማስገፈፍና ጭንቅላቱን ለሾርባ ማዋል ይሻላል። በሐይቁ ዳር ጠዋት ቆሞ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ እጁ የለመደ ገፋፊ አንዱን ቀረሶ ለመጨረስ ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም፦ ቢላውን ከክንፉ ኋላ ያሳርፋል፣ እስከ ጭራው ይስባል፣ ቆዳውን በጥርሱ ወይም በጣቱ ይዞ ይገፈዋል።

ሙሉ ዓሣ መግዛት ሌላም ጥቅም አለው፤ ትኩስነቱን ለመመርመር ያስችላል። ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ ዓይኑ ያበጠና የጠራ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ መሆን አለበት። ስንጥቡ ቡናማ ከሆነ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አይገዛ። የተገፈፈ ሥጋ ላይ እነዚህ ምልክቶች ስለማይታዩ ፊሌቶ የሚገዛ ሰው ከማሽተትና ከመንካት ውጪ መመርመሪያ አይኖረውም። ክብደት ለመቀነስ የሚፈልግ ደግሞ በዘይት ከሚጠበሰው ይልቅ ጉላሹን፣ ለብለቡን ወይም ሾርባውን ይምረጥ፤ በዘይት ተነክሮ የወጣ ዓሣ የካሎሪ ሂሳቡ ሌላ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልማጸን። ነጭ ዓሣ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣል። በወንዞቹ አፍ መረብ ተዘርግቶ የሚያዘው ገና ሳይራባ ስለሆነ የዓሣው ቁጥር ተጎድቷል። በእነዚያ ወራት ቀረሶ መግዛት ለጡንቻችን ምንም አያጎድልበትም፤ ለሐይቁ ግን ትልቅ ነገር ነው።

እንቁላል

አንድ የፈረንጅ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይዟል፤ የሐበሻው አነስ ስለሚል ከ4 እስከ 5 ግራም ቢቆጠርለት ተገቢ ነው። ማቀዝቀዣ የማይፈልግ፣ በአሥር ደቂቃ የሚቀቀል፣ በቦርሳ ተይዞ የሚሄድ ምግብ ስለሆነ ለተማሪና ለሠራተኛ የሚወዳደረው የለም። ሁለት ስሕተቶች ግን ሊታረሙ ይገባል። አንደኛው ጥሬውን መጠጣት ነው። ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲኑ 90 በመቶ ገደማ ሲዋሃድ ከጥሬው የሚዋሃደው ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆኑ ተለክቷል፤ ስድስት ጥሬ እንቁላል የጠጣ ሰው የሦስቱን ገንዘብ ጥሏል ማለት ነው፤ የሳልሞኔላ ሕመም ሥጋት ሲጨመርበት ደግሞ ምንም የሚያስመርጥ ነገር የለውም። ሁለተኛው ስሕተት አስኳሉን መጣል ነው። ከእንቁላሉ ፕሮቲን ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአስኳሉ ውስጥ ስለሆነ፣ ሐኪም ካልከለከለው በስተቀር ሙሉውን መብላት የተሻለ ነው።

ወተት፣ አይብና ሥጋ

አንድ ሊትር ወተት 33 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ቀጥታ ከላም ባለቤት የሚገዛ ሰው ያለ ልዩነት ማፍላት አለበት፤ ብሩሴላና የሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው እርጎና አይብ ይሞክር፤ የወተቱ ስኳር በመርጋቱ ስለሚቀንስ ብዙዎች ይችሉታል።

ሥጋ በጥራቱ ከዓሣ ጋር እኩል ነው፤ በብረትና በዚንክ ደግሞ ይበልጣል። ቀይ ደም የሚያንሳቸው ሴት ሯጮች ከሥጋ የሚያገኙት ጥቅም ከፕሮቲኑ በላይ ነው። በዋጋ ግን ለየዕለቱ የሚሆን አይደለም፤ ጥሬውን የሚበላም ኮሶን አብሮ እንደሚገዛ ይወቅ።

ሽሮ፣ ምስርና ሽምብራ

እናቶቻችን የሚሉት እዚህ ላይ ይመዘናል። በ100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ 24 ግራም፣ በባቄላ 26 ግራም፣ በሽምብራ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ። በዋጋ ከሁሉም ይረክሳሉ፤ ያለ ማቀዝቀዣም ለወራት ይቀመጣሉ። ጥራጥሬ ሜታዮኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ እህል ደግሞ ላይሲን ያንሰዋል፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ስለሚሞላለት ሽሮ በእንጀራ ሲበላ የተሟላ ይሆናል። የቀድሞ ሰዎች ላብራቶሪ ሳይኖራቸው ያገኙት ይህ ጥምረት ክብር ይገባዋል።

ችግሩ መጠኑ ነው። ለአንድ ሰው የሚቀርብ ሽሮ ወጥ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከ40 ወይም ከ50 ግራም ዱቄት ስለሆነ ከ10 ግራም ብዙም ያልበለጠ ፕሮቲን ነው የሚሰጠው። የጥራጥሬ ፕሮቲን በአንጀት የሚዋሃደውም ከእንስሳቱ ያነሰ ስለሆነ በአንድ ማዕድ 25 ሳይሆን 30 ወይም 35 ግራም ማሰብ ይገባል። ይህን በሽሮ ብቻ መሙላት ስለሚከብድ ሽሮውን ወፈር ማድረግ፣ ከጎኑ ምስር ወይም ባቄላ መጨመር፣ በመሐል የሽምብራ ቆሎና ለውዝ መቆርጠም ያስፈልጋል። አኩሪ አተር በ100 ግራም 36 ግራም ገደማ ፕሮቲን ስላለው፣ በደንብ ተቆልቶ ከሽሮ እህል ጋር ቢፈጭ የሽሮውን አቅም ያሳድጋል። የባቄላ በቆልትም አይረሳ፤ እህል ሲዘፈዘፍና ሲበቅል የብረትና የዚንክን መዋሃድ የሚያግዱት ንጥረ ነገሮች ይቀንሳሉ።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በጣና ዙሪያ ባለው ሜዳ ጓያ በብዛት ይዘራል፤ ሽሮ ውስጥም ይቀላቀላል። ጓያ ለወራት የምግቡ ዋና ክፍል ሆኖ ሲበላ እግርን እስከ መጨረሻው ሊያሰናክል የሚችል መርዝ አለው፤ በደንቢያ ይህ በሽታ በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። በልኩ ሽሮ የሚበላ ሰው አይሥጋ፤ ለጡንቻ ብሎ የሽሮውን መጠን በእጥፍ የሚያሳድግ ሰው ግን እህሉን ራሱ መርጦ፣ ከሽምብራ፣ ከአተርና ከባቄላ ብቻ ያስፈጭ።

የጣሳው ዱቄት

ዌይ የሚባለው ፕሮቲን ምሥጢራዊ ነገር አይደለም፤ አይብ ሲወጣ የሚቀረው አጓት ተጣርቶ፣ ፕሮቲኑ ተለይቶ የደረቀ ነው። ሉሲኑ ከፍተኛ ነው፤ በፍጥነት ይዋሃዳል፤ በ30 ግራም ዱቄትም 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል። ይህን ሰምቶ የቤቱን አጓት የሚጠጣ ሰው ግን አይሳሳት፤ በአንድ ሊትር አጓት ውስጥ ያለው ፕሮቲን 10 ግራም አይሞላም። ዱቄቱ የሚሰጠው ጥቅም ምቾት ነው። የቀን መጠኑን ከምግብ ያሟላ ሰው ዱቄት ሲጨምርበት የሚያገኘው ተጨማሪ ጡንቻ ከቁጥር አይገባም።

ከሁሉ በላይ ሸማች የሚታለልበት ጌይነር የሚባለው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ክብደት ለመጨመር ከአንድ ሱቅ ትልቅ ጣሳ ገዛሁ። ሻጩ «ይኸም ያው ፕሮቲን ነው» አለኝ፤ እኔም ጀርባውን ሳላነብ ከፈልኩ። ሁለት ወር ጠጥቼ ሆዴ ብቻ ሲገፋ ጣሳውን አዙሬ አነበብኩት፤ አብዛኛው ክፍል ማልቶዴክስትሪን፣ ማለትም ስኳር መሰል ካርቦሃይድሬት ነበር። ያንን ጉልበት በገንፎና በቅንጬ እጅግ በረከሰ ዋጋ አገኘው ነበር። ስለዚህ ጣሳ የሚገዛ ሰው ሦስት ነገር ይመልከት፦ በ100 ግራም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ70 ግራም በላይ መሆኑን፣ የመጠቀሚያ ጊዜውን፣ ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን። ከጣሳ ተቆንጥሮ በፌስታል የሚሸጠውን ፈጽሞ አይግዛ።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ለ25 ግራም ፕሮቲን የሚያስፈልገው | ጥራት | በጾም | ዋና ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|
| ቀረሶ (ፊሌቶ) | 125 ግራም ጥሬ | ከፍተኛ | እንደ ሰው ይለያያል | ትኩስነት፣ የመጥበሻ ዘይት |
| አምባዛ (ፊሌቶ) | 155 ግራም ጥሬ | ከፍተኛ | እንደ ሰው ይለያያል | ትኩስነት |
| እንቁላል | 4 የፈረንጅ ወይም ከ5 እስከ 6 የሐበሻ | ከፍተኛ | አይበላም | ሁልጊዜ ይብሰል |
| ወተት | ሦስት ብርጭቆ (750 ሚሊ ሊትር) | ከፍተኛ | አይጠጣም | ይፍላ |
| ቀይ ሥጋ | 120 ግራም ጥሬ | ከፍተኛ | አይበላም | ጥሬው ኮሶ ያመጣል |
| ምስር ወይም ባቄላ | 100 ግራም ደረቅ፤ ቢቻል እስከ 135 | መካከለኛ፤ ከእንጀራ ጋር ጥሩ | ይበላል | መጠኑ |
| ሽሮ | 120 ግራም ዱቄት፤ ቢቻል እስከ 160 | መካከለኛ፤ ከእንጀራ ጋር ጥሩ | ይበላል | ጓያ |
| ዌይ ዱቄት | ከ30 እስከ 33 ግራም | ከፍተኛ | አይበላም | ጌይነር እንዳይሆን |

የጾም ቀናት

ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴንና ፍልሰታን የሚጾም ስፖርተኛ ከዓመቱ ሰፊ ክፍል ያለ እንስሳት ምግብ ያሳልፋል። ከውጭ የሚመጡ የስፖርት ምክሮች ይህን ስለማያውቁት በጾም ወቅት ልምምድ የሚያቆሙ ብዙ ናቸው፤ ማቆም ግን አያስፈልግም። ዓሣን በጾም የሚበሉም የማይበሉም አሉ፤ ይህ ከንስሐ አባት ጋር የሚጨረስ ጉዳይ ስለሆነ እኔ አልገባበትም። ለማይበላው የሚያዋጣው ሰዓቱን ማስተካከል ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በዘጠኝ ሰዓት ሽሮና ምስር በእንጀራ በደንብ ይብላ፤ በአሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ልምምዱን ይሥራ፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ባቄላ ወይም አኩሪ አተር ያለበት ራት ይብላ፤ ከመተኛቱ በፊት ለውዝና የሽምብራ ቆሎ ይጨምር። ቀደም ብሎ እንደተባለው ጡንቻው ለአንድ ቀን ያህል ንቁ ስለሆነ በጠዋት አለመብላቱ ልፋቱን አያጠፋበትም። ሁዳዴ የሚውለው በባሕር ዳር ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት መሆኑን ግን ማሰብ ያስፈልጋል፤ ውኃ ሳይቀምሱ በቀትር ወደ ቤዛዊት ዳገት መሮጥ ለልብም ለኩላሊትም አደጋ ነው። በጾሙ ሳምንታት የሚነሣውን ክብደት ባለበት ማቆየት እንደ ስኬት ይቆጠር፤ ጭማሪው ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል።

ረመዳንን የሚጾም ሰው ደግሞ ከባዱን ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢሠራ፣ ለሱሑር እንቁላልና እርጎ ቢያስቀድም ይመቸዋል።

ለማን የትኛው?

በአነስተኛ ገንዘብ ለሚኖር ተማሪ፣ መሠረቱ ራሱ ያስፈጨው ሽሮና ምስር ሆኖ በፍስክ ቀን ሦስት ወይም አራት የተቀቀለ እንቁላል ቢጨመርበት በቂ ነው፤ ዱቄቱን ይርሳው። ቤተሰብ ያለውና በቤቱ የሚበስልለት ሰው በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሙሉ ቀረሶ ቢገዛ ለራሱም ለልጆቹም የተሻለ ነገር አያገኝም። ስብ ቀንሶ ጡንቻውን ማቆየት ለሚፈልግ ደግሞ ያልተጠበሰ ቀረሶ ከሁሉም በላይ ነው፤ በትንሽ ካሎሪ ብዙ ፕሮቲን ይሰጣል። ክብደት መጨመር የፈለገ ቀጭን ሰው ወተት፣ ለውዝና ገንፎ ይጨምር።

ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ አባቶችና እናቶች ጉዳዩ ከቁመና በላይ ነው፤ በዕድሜ ጡንቻው ለፕሮቲን ምልክት ስለሚደክም፣ ሰውነትን የሚያንቀሳቅስ ሥራ እየሠሩ በእያንዳንዱ ማዕድ እስከ 30 ግራም ማግኘት አለባቸው። ለእነርሱ ለማኘክ የማያስቸግር የዓሣ ጉላሽና አይብ ይስማማቸዋል።

ዌይ ዱቄት የምመክረው ከሥራ ወደ ጂም፣ ከጂም ወደ ሥራ ለሚሮጥ፣ ምግብ የሚበላበት ሰዓት በእውነት ለሌለው፣ ገንዘቡም ለማያስጨንቀው ሰው ብቻ ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከእነዚህ የትኛውንም ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። በውድድር የሚሮጥ አትሌት ደግሞ የታሸገ ዱቄትን በልዩ ጥንቃቄ ይመልከት፤ በመለያው ላይ ያልተጻፈ የተከለከለ ንጥረ ነገር ተቀላቅሎ ቢገኝ፣ ሳያውቅ መውሰዱ ከቅጣት ነጻ አያወጣውም። ሌላ መንገድ ከሌለው በገለልተኛ ላብራቶሪ የተመረመረ መሆኑ የተረጋገጠውን ብቻ ይውሰድ፤ ከዱቄቱም ጥቂት አስቀርቶ ከነጣሳውና ከነደረሰኙ ለማስረጃ ያስቀምጥ።